ነዳጅ በየትኛው ጀሪካን? በደቡብ ጎንደር ደጋማ መንገዶች ለሚጓዙ ተሽከርካሪዎች የመያዣ አመራረጥና አያያዝ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ለደቡብ ጎንደር ዞን ዋና የደም ሥር ነው። ከዚህ መንገድ ወጥቶ ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ ታች ጋይንት ወይም ወደ እብናት ገጠር ቀበሌዎች የሚያመራ ተሽከርካሪ ግን ብዙውን ጊዜ ጠጠርና ጭቃ፣ ዳገትና ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በገጠር ቀበሌዎች የነዳጅ ማደያ የለም። በመሆኑም ወላድ ለማምጣት የሚወርድ አምቡላንስ፣ ማዳበሪያ የጫነ ፒካፕ፣ ለመስክ ሥራ የሚወጣ ላንድክሩዘርም ሆነ ለሞተር ፓምፑ ቤንዚን የሚወስድ አርሶ አደር ትርፍ ነዳጅ በዕቃ መያዝን እንደ ግዴታ ይቆጥረዋል።

ይህ ልማድ ችግር የሚሆነው ነዳጁ በምን እንደተያዘ ሳይታሰብበት ሲቀር ነው። በብዙ ቤት ጀሪካን ማለት የምግብ ዘይት መጥቶበት ባዶ የቀረው ቢጫ ፕላስቲክ ነው። ይኸው ዕቃ ዛሬ ውኃ ይቀዳበታል፣ ነገ ጠላ ይያዝበታል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቤንዚን ይሞላበታል። ትክክለኛው የነዳጅ መያዣ ምርጫ የሚጀምረው ይህን ልማድ ከመተው ነው። የነዳጅ ዕቃ ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ፣ ከነዳጅ በቀር ሌላ ነገር የማይነካው፣ ከሌሎች ዕቃዎችም በዓይን የሚለይ መሆን አለበት።

የስሙ አመጣጥ

«ጀሪካን» የሚለው ቃል ራሱ ከነዳጅ ጋር የተወለደ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር 20 ሊትር የሚይዝ፣ ከብረት የተሠራ፣ ጠንካራ የነዳጅ መያዣ አሠራ። እንግሊዛውያን ወታደሮች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ ስለነበር፣ የማረኩትን ዕቃ «የጄሪ ቆርቆሮ» አሉት። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ይጠቀሙበት የነበረው ስስ ቆርቆሮ በመንገድ እየተሰነጠቀ ብዙ ነዳጅ ያፈስባቸው ነበር። ስለዚህ የጀርመኑን ሥራ እንዳለ ቀድተው አመረቱት፤ ዛሬም ይኸው ቅርጽ በመላው ዓለም ይሠራል።

የቅርጹ ጥበብ ለገጠር ተጓዥ እስካሁን ያገለግላል። ሦስት መያዣ ስላለው ሁለት ሰው ተጋግዞ ሊሸከመው፣ ባዶ ከሆነም አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ሊይዝ ይችላል። ክዳኑ በመቀርቀሪያ ተጭኖ የሚዘጋ በመሆኑ በመንገድ ንቅናቄ አይላላም። በጎኖቹ ላይ የተሠራው መስቀለኛ ቅርጽ ብረቱን ከማጠንከሩም በላይ ውስጡ ያለው ነዳጅ በሙቀት ሲሰፋ ጎኑ በመጠኑ እንዲለጠጥ ያስችላል። በመያዣዎቹ ሥር የሚቀረው የአየር ቦታም ለዚሁ ዓላማ የተተወ ነው።

በቅድሚያ፦ ጀሪካን ያስፈልጋልን?

ከሁሉ የተሻለው የነዳጅ መያዣ የተሽከርካሪው የራሱ ታንክ ነው። ታንኩ ከግጭት በተከለለ ስፍራ የተሰቀለ፣ መተንፈሻው የተሰላ፣ ከተሳፋሪ የተለየ ነው። ስለዚህ ጀሪካን ከመግዛት በፊት የጉዞውን ፍጆታ ማስላት ይገባል።

ለምሳሌ አንድ በናፍጣ የሚሠራ ላንድክሩዘር በአስፋልት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 13 ሊትር ይፈጃል እንበል። በክረምት ጭቃ፣ በአራቱም ጎማዎች፣ በዝቅተኛ ማርሽ ሲጓዝ ፍጆታው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከዋናው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገብቶ የሚመለስ ከሆነ 120 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ይህም 31 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። ለመንገድ መዘጋትና ለመዞር ሲሦ ያህል ቢጨመርበት 41 ሊትር ይደርሳል። ታንኩ 90 ሊትር የሚይዝ ሆኖ ከተማ ላይ ከሞላ፣ ለዚህ ጉዞ ጀሪካን አያስፈልገውም። በግማሽ ታንክ የሚወጣ ሾፌር ግን ለመጠባበቂያ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ከከተማ ሳይወጡ ታንክን መሙላት ከማንኛውም ጀሪካን ይበልጣል።

ጀሪካን በእርግጥ የሚያስፈልገው ጉዞው ብዙ ቀናት ሲወስድ፣ በመንገዱ ላይ ያለው ማደያ ነዳጅ የማግኘቱ ነገር ሲያጠራጥር፣ ወይም ነዳጁ ለሌላ ሞተር የሚወሰድ ሲሆን ነው። በፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች አካባቢ የሚገኙ አርሶ አደሮች ለመስኖ ሞተር ፓምፕ፣ ሌሎች ደግሞ ለወፍጮ ነዳጅ ያጓጉዛሉ። አነስተኛ የቤንዚን ፓምፕ እንደ ጉልበቱ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ስለሚፈጅ፣ ለአንድ ቀን ሥራ 10 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከሚፈለገው በላይ ነዳጅ መያዝ ከሚፈለገው በላይ አደጋ መያዝ ነው።

ለነዳጅ የማይሆኑ ዕቃዎች

የመጀመሪያው ቢጫው የዘይት ጀሪካን ነው። የተሠራበት ፕላስቲክ ለምግብ ዘይት እንጂ ለቤንዚን የታሰበ አይደለም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ቤንዚን ቀስ በቀስ በፕላስቲኩ ውስጥ አልፎ ይተንናል፣ ፕላስቲኩንም ያለሰልሰዋል። ክዳኑ ጋዝ እንዲይዝ ሆኖ ስላልተሠራ በመንገድ ንቅናቄ ያፈስሳል። ከሥሩ የሚታየው በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ 2 ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ የሚናገር ነው፤ ዕቃው ለነዳጅ ይሆናል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የመጠጥ ውኃ ጠርሙስ ነው። ቤንዚንና ላምባ በዚህ ጠርሙስ ሲቀመጥ በመልኩ ከመጠጥ አይለይም። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል፤ አዋቂም ቢሆን በጨለማ ሊሳሳት ይችላል። ጠርሙሱ ስስ በመሆኑም በትንሽ ግፊት ይፈነዳል።

ሦስተኛው የፀረ ተባይና የፀረ አረም ኬሚካል የመጣበት ዕቃ ነው። ምንም ያህል ቢታጠብ የኬሚካሉ ቅሪት በግድግዳው ላይ ይቀራል፤ የሞተሩን ነዳጅ ያበላሻል፣ የሚቀዳውንም ሰው ይመርዛል። ይህ ዕቃ ለነዳጅም፣ ለውኃም፣ ለእህልም ሊውል አይገባም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የማይሻር ደንብ አለ። አንድ ጊዜ ነዳጅ የያዘ ዕቃ ዳግመኛ ለውኃ፣ ለጠላ ወይም ለዘይት አይመለስም። በሳሙናና በአመድ ቢታጠብም ሽታው መጥፋቱ ነዳጁ መጥፋቱን አያሳይም።

የብረት ጀሪካን

20 ሊትር የሚይዘው የብረት ጀሪካን ለጠጠርና ለዳገት መንገድ እስካሁን የተመረጠ ነው። ባዶውን 4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ቤንዚን ሲሞላ አጠቃላይ ክብደቱ ወደ 19 ኪሎ ግራም፣ ናፍጣ ሲሞላ ወደ 21 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ጥቅሙ ምትንና ፀሐይን መቋቋሙ፣ ትነት አለማሳለፉና ለብዙ ዓመታት ማገልገሉ ነው።

ጉዳቱ ዝገት ነው። በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ይሞቃል። ግማሽ የጎደለ ጀሪካን ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በግድግዳው ላይ ጠል ሆኖ ይቀመጣል፤ ውኃው ከነዳጅ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል። ውስጡ በቀለም ወይም በሌላ መከላከያ ካልተለበጠ ዝገት ይጀምራል፤ ውኃውና የዝገቱ ብናኝ ደግሞ ወደ ናፍጣ ማጣሪያና መርጫ ይሄዳሉ። ስለዚህ የብረት ጀሪካን ሲገዛ ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ በባትሪ መብራት ሊታይ ይገባል። ያገለገለ ጀሪካን ውስጡን በክብሪት ወይም በላይተር ብርሃን ማየት ራስን ማቃጠል ነው።

ያገለገለ የወታደር ጀሪካን ገበያ ላይ ሲገኝ ጎኖቹ ያልተጨፈለቁ፣ ብየዳው ያልተሰነጠቀ፣ የክዳኑ መቀርቀሪያ ያልላላ መሆኑን ማጣራት ይገባል። የክዳኑ የላስቲክ ማሸጊያ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ መለወጥ አለበት፤ ምትኩም ነዳጅ የማያሟሟው ላስቲክ ሊሆን ይገባል። ከጎማ ከመነዳሪ ተቆርጦ የሚገባ ላስቲክ በቤንዚን አብጦ ይበላሻል።

ለነዳጅ የተሠራ ፕላስቲክ

ፕላስቲክ ሁሉ ክፉ አይደለም። ለነዳጅ ተብሎ የሚመረተው ፕላስቲክ ጀሪካን ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ትነት እንዳያሳልፍም ውስጡ በኬሚካል ይታከማል ወይም በብዙ ንጣፍ ይሠራል። አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከብረቱ ያንሳል። ለሞተር ፓምፕ፣ ለሞተር ሳይክልና አልፎ አልፎ ለሚደረግ ጉዞ በቂ ነው።

ሆኖም ፀሐይ ያደርቀዋል። ቀለሙ የነጣ፣ ሲነካ የሚሰባበር ወይም ጥግ ጥጉ ላይ ነጭ ስንጥቅ የታየበት ፕላስቲክ ሊጣል ይገባዋል። በዓለም አቀፉ የአደገኛ ጭነት ደንብ መሠረት የፕላስቲክ ጀሪካን ለአደገኛ ፈሳሽ የሚያገለግለው ከተመረተበት ቀን አንሥቶ እስከ 5 ዓመት ነው።

ሲገዙ የሚታዩ ምልክቶች

በአግባቡ የተፈተነ ጀሪካን በሥሩ ወይም በጎኑ የተባበሩት መንግሥታት የማሸጊያ ምልክት ይታተምበታል። ከምልክቱ ቀጥሎ የሚገኘው ኮድ የዕቃውን ዓይነት ይናገራል። «3ኤ1» ማለት የብረት ጀሪካን፣ «3ኤች1» ማለት የፕላስቲክ ጀሪካን ነው፤ ሁለቱም የማይነሣ ራስና ጠባብ አፍ ያላቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ኤክስ፣ ዋይ ወይም ዜድ የተባለው የላቲን ፊደል ይከተላል። ቤንዚን በደንቡ ሁለተኛ የአደጋ ደረጃ ስላለው ኤክስ ወይም ዋይ ያለበት ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ዜድ ብቻ ያለበት ለናፍጣ እንጂ ለቤንዚን አይሆንም። የተመረተበት ዓመትም በዚያው መስመር ይገኛል።

አዲስ ዕቃ ለመፈተን አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ውኃ ሞልቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ በጎኑ አጋድሞ ማሳደር ነው። ጠዋት ሥሩ እርጥብ ከሆነ አይገዛም ወይም ይመለሳል። ካላፈሰሰም ውኃው ሙሉ በሙሉ ተንጠፍጥፎ፣ ዕቃው ፀሐይ ላይ ደርቆ ካልሆነ በቀር ነዳጅ አይገባበትም።

በአንዳንድ አገሮች ቀይ ጀሪካን ለቤንዚን፣ ቢጫ ለናፍጣ፣ ሰማያዊ ለላምባ ይመደባል። በኢትዮጵያ ግን ቢጫው የዘይትና የውኃ ዕቃ መልክ ስለሆነ በቀለም ብቻ መተማመን ያሳስታል። ስለዚህ በሁለቱም ሰፊ ጎኖች ላይ በማይለቅ ቀለም «ቤንዚን» ወይም «ናፍጣ» ተብሎ በትልቁ ሊጻፍ ይገባል። ማንበብ ለማይችሉና ለልጆችም ሁሉም የቤተሰብ አባል የሚያውቀው የእሳት ምልክት ቢታከልበት ይጠቅማል። ቤንዚን የገባበት የናፍጣ ሞተር የነዳጅ ፓምፑና መርጫው ይጎዳል፤ በሩቅ ቀበሌ የተሠራ ይህን መሰል ስሕተት መኪናውን እዚያው ያስቀራል።

ዳገቱ በጀሪካን ላይ የሚያደርገው

ከባሕር ዳር ወይም ከወረታ ባዶ ጠርሙስ ከድኖ ወደ ደብረ ታቦር የወጣ ሰው ጠርሙሱ ተነፍቶ ያገኘዋል። ምክንያቱም ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ ልዩነት የውጭው የአየር ግፊት በአንድ አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በጉና ትከሻ ላይ የሚያልፈው መንገድ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

በታሸገ ጀሪካን ውስጥ የቀረው አየር ግን የታችኛውን አገር ግፊት እንደያዘ ይወጣል። በ20 ሊትር የብረት ጀሪካን አንድ ሰፊ ጎን ላይ ይህ የግፊት ልዩነት ብቻውን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ያህል ይገፋል። የቤንዚኑ ትነትና የፀሐይ ሙቀት ይጨመሩበታል። በቀዝቃዛ ጠዋት የተሞላ 20 ሊትር ቤንዚን ቀትር ላይ በፀሐይ 27 ዲግሪ ቢሞቅ መጠኑ በግማሽ ሊትር ያህል ይጨምራል። እስከ አፉ የተሞላ ዕቃ ይህን የሚያስተናግድበት ቦታ የለውም።

በተቃራኒው ከደጋው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ጀሪካን በውጭው ግፊት ወደ ውስጥ ይጨመቃል። ደካማ ፕላስቲክ በዚህ መነፋትና መጨመቅ ሲመላለስ ከመጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

ከዚህ ሁለት ደንቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ከዕቃው ይዞታ ቢያንስ ከሃያ አንድ እጅ ባዶ ይተዋል። ሁለተኛ፣ ከዳገት በኋላ ክዳን የሚከፈተው መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፊትን ዞር አድርጎ፣ ጋዙ ቀስ በቀስ እንዲወጣ በማድረግ ነው።

ሲቀዳና ሲገለበጥ

ጀሪካን መኪና ላይ እንዳለ አይሞላም። በተለይ ፕላስቲክ ወይም ምንጣፍ በተነጠፈበት የፒካፕ ጭነት ስፍራ ላይ ነዳጅ ሲቀዳ የሚፈጠረው የማይታይ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ወደ መሬት የሚያልፍበት መንገድ አያገኝም። ዕቃው ወርዶ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ የማደያው ቀጂ አፍ የጀሪካኑን አንገት እንደነካ ሆኖ ቀስ ብሎ ይቀዳል። ሞተር ይጠፋል፣ ሲጋራ አይጨስም፣ ተሳፋሪ ይርቃል።

ወደ ታንክ ሲገለበጥ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነና ወንፊት ያለው ማንቆርቆሪያ ያስፈልጋል። ከታች የተጠራቀመው ውኃና ዝቃጭ እንዳይገባ የመጨረሻው ጥቂት ነዳጅ በዕቃው ውስጥ ይተዋል። ነዳጅን በጎማ በአፍ መሳብ ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ትን ብሎ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ወይም ላምባ ብርቱ የሳንባ ሕመም ያስከትላል፤ ሊገድልም ይችላል። አነስተኛ የእጅ ፓምፕ ይህን አደጋ ሙሉ በሙሉ ያስቀራል።

በተሽከርካሪው ላይ የሚቀመጥበት ስፍራ

ነዳጅ ከሰው ጋር በአንድ ክፍል አይጓዝም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይንጣለላል፤ ራስ ያዞራል፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪም ይቀጣጠላል። በአምቡላንስ የሕሙማን ክፍል፣ በሕዝብ ማመላለሻ ወንበር ሥር ወይም በባጃጅ ተሳፋሪ እግር አጠገብ ጀሪካን ማስቀመጥ የተሳፋሪውን ሁሉ ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ለፒካፕ ተስማሚው ስፍራ ከሾፌሩ ክፍል ጀርባ የሚገኘው የጭነቱ ስፍራ የፊት ጥግ ነው። ጀሪካኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ ተደርጎለት፣ በቀበቶ ተጠፍሮ ይታሰራል። ብረት ከብረት ጋር በጠጠር መንገድ ለሰዓታት ሲፋተግ ይበሳሳል። በኋላ በር ላይ የሚገጠመው መያዣ ለመጠቀም ቢመችም ከኋላ በሚመጣ ግጭት የመጀመሪያውን ምት ይቀበላል፤ የግድ ከሆነ ለናፍጣ ብቻ ቢውል ይመረጣል። ከፊት መከላከያ ላይና በማርሚታው አጠገብ ጀሪካን አይቀመጥም።

ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን ትነቱን ከተሳፋሪ ያርቃል። ነገር ግን አራት የናፍጣ ጀሪካን 84 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ በመኪናው አናት ላይ ይቀመጣል። በተዳፋት ጭቃ መንገድ ይህ ክብደት መኪናውን ለመገልበጥ ያቀርበዋል። የመኪናው አምራች ለጣሪያ የፈቀደው ክብደት ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል መመሪያው መታየት አለበት። ጀሪካን ጣሪያ ላይ የግድ ከተጫነ ከሁለት ባይበልጥ፣ በመጀመሪያው ደልዳላ ስፍራም ነዳጁ ወደ ታንክ ቢገለበጥ ይሻላል።

እህል፣ ዱቄት፣ እንጀራና የመጠጥ ውኃ ከነዳጅ ጋር ጎን ለጎን አይጫኑም። ሽታው እንኳ ምግቡን ያበላሸዋል።

በቤትና በጋራዥ

የቤንዚን ትነት በአየር ውስጥ ከመቶ 1.4 እጅ ያህል ከሆነ ለመቀጣጠል በቂ ነው። ትነቱ በወለል ተንጣልሎ በሌላ ክፍል ካለ የቡና ከሰል ወይም ከእንጀራ ምድጃ እሳት ጋር ሊገናኝ ይችላል። በመሆኑም ነዳጅ መኖሪያ ቤት ውስጥ አያድርም። ከምድጃ የራቀ፣ አየር የሚያገኝ፣ ፀሐይ የማይመታው፣ የሚቆለፍና ልጆች የማይደርሱበት የውጭ መጋዘን ይበጃል። ቤንዚን ከጥቂት ወራት በላይ ሲቆይ ስለሚበላሽ የቆየው አስቀድሞ ሊውል ይገባል።

ባዶ ጀሪካን አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። በሙሉ ዕቃ ውስጥ ለትነትና ለአየር የቀረው ቦታ ጥቂት ነው፤ ባዶው ግን ከአየር ጋር የተቀላቀለ ትነት ይሞላዋል። የተበሳ ጀሪካንን ወይም የነዳጅ በርሜልን ለመጠገን፣ ምድጃ ወይም ገንዳ ለመሥራት ወደ ብየዳ ቤት መውሰድ ከቦምብ ጋር መጫወት ነው። ነዳጅ የያዘ ዕቃ አይበየድም፣ በመፍጫም አይቆረጥም።

አደጋ ሲደርስ

ነዳጅ የጠጣን ሰው ማስታወክ አይገባም። በተለምዶ የሚደረገው ወተት ወይም ዘይት አጠጥቶ እንዲያስታውክ ማድረግ ነዳጁ ወደ ሳንባ እንዲገባ ስለሚያደርግ ጉዳቱን ያብሰዋል። በፍጥነት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም መውሰድና የጠጣው ምን እንደሆነ መንገር ተገቢ ነው። ነዳጅ የፈሰሰበት ልብስ ከእሳት ርቆ ይወልቃል፤ ገላውም በውኃና በሳሙና ይታጠባል።

በተቀጣጠለ ቤንዚን ላይ ውኃ አይደፋም፤ ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል። ደረቅ ዱቄት ያለበት የእሳት ማጥፊያ፣ እርሱ ከሌለ አፈር ወይም አሸዋ ይጠቅማል። ነዳጅ የሚጭን መኪና ሁሉ ማጥፊያውን ከጀሪካኑ ርቆ፣ ለሾፌሩ እጅ በሚቀርብ ስፍራ ሊይዝ ይገባል። የተቃጠለ ገላ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም ጭቃ አይቀባም።

ፈቃድና ሕግ

የኢትዮጵያ ነዳጅ ከውጭ ተገዝቶ በአመዛኙ በጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ የሚገባ ነው። ሥርጭቱ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ሲሆን፣ በማደያዎች በጀሪካን መቅዳት ላይ ገደብ ተጥሏል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም ሕገ ወጥ የነዳጅ ንግድን በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። ስለዚህ ለሞተር ፓምፕ፣ ለወፍጮ ወይም ለመስክ ሥራ በዕቃ መቅዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ አርሶ አደር ከሆነ ደግሞ ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጭምር አሠራሩን ጠይቆ የድጋፍ ደብዳቤ ሊይዝ ይገባል። ደብዳቤውና የግዢው ደረሰኝ በጉዞው ሁሉ ከነዳጁ ጋር ቢሆኑ በየኬላው ለሚነሣ ጥያቄ መልስ ይሆናሉ።

በአጭሩ

ነዳጅ በዕቃ ለመያዝ ያሰበ ሰው በመጀመሪያ ታንኩን ይሙላ፤ የቀረውን ፍላጎቱንም ያስላ። ለጠጠርና ለረጅም ጉዞ የብረት፣ ለፓምፕና ለአጭር ጉዞ ለነዳጅ የተሠራ ፕላስቲክ ይምረጥ። ምልክቱን ያንብብ፣ ማሸጊያውን ይመርምር፣ ስሙን ይጻፍበት። ሲሞላ መሬት ላይ ያስቀምጥ፣ ጥቂት ቦታ ይተው፣ ከሰው ለይቶ አጥብቆ ይሰር። ቢጫው ጀሪካን ለውኃ፣ ሃይላንዱም ለመጠጥ ይቅሩ።

አበው «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አንድ ለነዳጅ የተሠራ ጀሪካን ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ፣ በተሳሳተ ዕቃ ምክንያት ከሚጠፋ መኪና፣ ከሚቃጠል ቤት ወይም ላምባ ከጠጣ ልጅ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።